የዋይት ደሴት የባሕር ዳር መንገድ

ከእንግሊዝ አገር በስተደቡብ፥ ከፖርትስመዝ ወደብ ፊት ለፊት፥ የዋይት ደሴት የምትባል ደሴት አለች። ስፋቷ 380 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሕዝቧም 140,000 ያህል ይሆናል። ባሕር ባሕሩን ይዞ ዙሪያዋን የሚከብ የእግረኛ መንገድ አላት፤ ርዝመቱም 113 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባለፈው ዓመት ፍርድ ቤታችን ለክረምት በተዘጋበት ወራት፥ ጾመ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ፥ ይህን መንገድ በስድስት ቀን ዞሬ ስለ ጨረስሁት፥ ያየሁትን ለአንባቢዎች ልጽፍ ወደድሁ። ከዚህ በታች የሚነበበው ዘመን፥ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፥ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ለዕረፍት የሚመረጥ ብዙ አገር ሳለ ወደዚያች ደሴት ለምን ሄድህ የሚለኝ ቢኖር፥ ምክንያቴ ሁለት ነው። አንደኛው፥ የዓፄ ቴዎድሮስ ልጅ ደጃዝማች ዓለማየሁ ከመቅደላ ተወስዶ እንግሊዝ አገር በገባ ጊዜ፥ በመጀመሪያው ወራት የተቀመጠባት ምድር ይህች ደሴት ስለ ሆነች ነው። ሁለተኛው የእኅቴ ነገር ነው። ታላቅ እኅቴ ሎንዶን ከተማ ስትቀመጥ ሃያ ዓመት ሆኗታል፤ አንድ የአሥራ አራት ዓመት ወንድ ልጅም አላት። ልጁ አማርኛ ይሰማል እንጂ መናገሩ ያስቸግረዋል። እትዬ ገና ሻንጣዬን ሳልፈታ፥ «እኔ ከሥራ የምገባው በሌሊት ነው፤ ይህን ልጅ ይዘህልኝ ውጣና አማርኛ አናግርልኝ፤ አለዚያ ከእኔም ጋር በእንግሊዝኛ መነጋገራችን ነው» አለችኝ።

ልጁ ጨዋ ነው። ነገር ግን እናቱ እርሱን የምትጠራበትን ቃል ብቻ እየሰማ ስላደገ፥ ሰውን ሁሉ «አንተ» ይላል። በመጀመሪያው ቀን፥ «አጎቴ፥ አንተ ደከመህ እንዴ?» ባለኝ ጊዜ ክው አልሁ። በየኔታ ፊት እንዲህ ያለ ልጅ ምን እንደሚያገኘው የቤተ ክህነት ትምህርት የቀመሰ ሁሉ ያውቀዋል። ግን ደግሞ «እርስዎ» የሚለውን ቃል በዚያ አገር ከማን ሰምቶ ያውቀዋል ብዬ ዝም አልሁ።

ረዥም መንገድ በአንድ ጊዜ አይሄድም፤ ተከፍሎ ነው የሚሄድ። የግእዙ መጽሐፍ ማረፊያን ምዕራፍ ይለዋል፤ የመጽሐፍ ምዕራፍም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። እኛም የደሴቲቱን ዙሪያ በስድስት ምዕራፍ ከፈልነው። ራይድ በምትባለው ከተማ አንድ ክፍል ተከራይተን፥ ጧት ጧት አውቶቡስ ይዘን ትናንት ካቆምንበት ቦታ እንወርዳለን፤ ቀኑን ሙሉ ሄደን ማታ ከደረስንበት በአውቶቡስ እንመለሳለን። እንዲህ ሲሆን በጀርባ የሚሸከሙት ውኃ፥ ዳቦ፥ የዝናብ ልብስና እትዬ የቋጠረችልን የሽምብራ ቆሎ ብቻ ነው። ካርታ የሚያነበው ልጁ ነው፤ እኔ ግን ባሕሩን በግራ እጄ አድርጌ መሄዴን ብቻ አውቃለሁ።

በሥራዬ ከማያቸው ክርክሮች አንዱ የመተላለፊያ መንገድ ነገር ነውና፥ ገና በመጀመሪያው ቀን ዓይኔን የሳበው ይህ ነው። መንገዱ በሰው እርሻ መካከል፥ በግጦሽ ሜዳ፥ በሰው ጓሮ አጠገብ ያልፋል። መሬቱ የባለቤቱ ነው፤ በላዩ በእግር የማለፍ መብት ግን የሕዝብ ሁሉ ነው፤ ባለቤቱም ሊዘጋው አይችልም። አጥሩ ባለበት የእንጨት መወጣጫ ወይም ትንሽ በር ይሠራል፤ አላፊውም በሩን መልሶ ይዘጋል። በዚህ ነገር ስንት መዝገብ እንደጻፍሁ ሳስብ፥ ከሳሽና ተከሳሽ በሌለበት በሰው ማሳ መካከል ማለፍ ደስ አሰኘኝ፤ ግን ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ማን ይጠራኝ ይሆን እያልሁ ወደ ኋላዬ መመልከቴን አልተውሁም።

ራይድ ላይ ባሕሩ በሚጎድልበት ሰዓት አሸዋው እጅግ ርቆ ይገለጣል፤ ስለዚህ መርከብ ወደ ዳር ሊቀርብ አይችልም። ቀድሞ መንገደኛው በሰው ጀርባና በጋሪ ጭቃውን ይሻገር ነበረ። በ1814 ግን ወደ ባሕር የሚዘልቅ የእንጨት ድልድይ ተከፈተ፤ በየጊዜው እየተጨመረበትም ዛሬ ርዝመቱ 681 ሜትር ያህል ሆኗል። ከድልድዩ ጫፍ የሚነሣው ባቡር ቀድሞ የሎንዶን የምድር ውስጥ ባቡር የነበረ ሲሆን፥ ካረጀ በኋላ ታድሶ ወደዚህ መጣ። የእኅቴ ልጅ ባየው ጊዜ በሰው አገር የሠፈሩን ሰው እንዳገኘ ሆኖ ሳቀ። ወዲያውም፥ «ባሕሩ እንዲህ ሲሄድ በአማርኛ ምን ይባላል?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ የደጋ ሰው ነኝ፤ ጥቂት አስቤ «የባሕር ሙላትና ጉድለት እንበለው» አልሁት። እንግሊዞቹ በአንዲት አጭር ቃል የሚጠሩትን በሁለት ቃል በመጥራቴ ልጁ ብዙም የረካ አልመሰለኝም።

ከዚያ ወደ ምሥራቅ ስንሄድ፥ ቅድስት ሄለና በምትባለው መንደር አጠገብ፥ ባሕር ዳር ላይ ብቻውን የቆመ የቤተ ክርስቲያን ግንብ አየን። ቤተ ክርስቲያኑን ባሕሩ በልቶት የቀረው ግንቡ ብቻ ነው። በባሕር በኩል ያለውን ፊቱን ደፍነው ነጭ ቀለም ስለ ቀቡት ለመርከበኞች የመንገድ ምልክት ሆኖ ይኖራል። መቅደሱ የነበረበትን ስፍራ ዛሬ ማዕበል ይመላለስበታል። ቆሜ አባታችን ሆይ ደገምሁ፤ ልጁም ኮፍያውን አውልቆ ጠበቀኝ።

ስለ ሳንዳውንና ስለ ሻንክሊን ብዙ የምለው የለኝም። አሸዋው ሰፊ ነው፤ ሕዝቡም እንደ ጥምቀት ቀን ተሰብስቦ ስለ ነበረ ሰው እየረገጥን እንዳናልፍ ብቻ ተጠነቀቅን። ከዚያ ወዲያ ባለው በቦንቸርች ግን ምድሩ ራሱ ተጓዥ ነው። የላዩ ድንጋይ ከበታቹ ባለው ጭቃ ላይ ስለ ተቀመጠ፥ ክረምት በበረታ ጊዜ ጭቃው ውኃ ጠጥቶ ይንሸራተታል፤ ድንጋዩም ይከተለዋል። በታኅሣሥ ወር 2023 በዚህ ስፍራ ታላቅ የመሬት መንሸራተት ሆኖ የመኪናው መንገድ ተዘግቶ ነበረ። እኛ ባለፍንበትም ጊዜ ምልክቱ ከባሕሩ አርቆ በሌላ አቅጣጫ መራን።

በሦስተኛው ምዕራፍ ያየነውን ግን ዘርዝሬ ልናገር። ኒተን ከምትባለው መንደር ወዲያ፥ ከመንገዱ ጥቂት ወደ ላይ ሲወጡ፥ ከባሕር በላይ 230 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ኮረብታ ላይ ስምንት ማዕዘን ያለው አሮጌ ግንብ አለ። ነገሩ እንዲህ ነው። በ1313 ከጋስኮኝ አገር የወይን ጠጅ የጫነች መርከብ በዚያ ወሽመጥ ገብታ ተሰበረች። መርከበኞቹ ዳኑ፤ የወይኑን በርሜል ግን የአገሩ ሰው ተቀራመተው። ከወሰዱትም አንዱ ዋልተር ደ ጎደተን የተባለ ባለ ርስት ነበረ። ወይኑ የገዳም ገንዘብ ኖሮ ሰውየው በመንግሥት ችሎት ተከሶ ካሣ ተፈረደበት። እንደሚተረከውም ነገሩ በዚህ አላበቃም፤ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ውግዘት እንዳይደርስበት ከፈለገ፥ በኮረብታው ላይ ለመርከበኞች የሚያበራ ግንብና አንድ ካህን በባሕር ለሞቱት የሚጸልይበት ቤት እንዲሠራ አዘዘችው። እርሱም ሠራ፤ በ1328 ተፈጸመ። የጸሎት ቤቱ ፈርሷል፤ ግንቡ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ቆሟል።

በሃያ ዓመት ሥራዬ ብዙ ፍርድ በእጄ ገልብጫለሁ፤ በመርከብ ስብራት ያተረፈ ሰው ለመርከብ መብራት ይሥራ የሚል ፍርድ ግን አላጋጠመኝም። እንዲህ ያለ ቅጣት ቢበዛ ምናልባት የወህኒ ቤት ወጪ ይቀንስ ነበረ። ብቻ የፈረዱት ሰዎች አንድ ነገር ዘንግተዋል፤ ያ ኮረብታ ብዙውን ጊዜ ጉም ይሸፍነዋል። በ1785 በአጠገቡ ሌላ መብራት ቤት ተጀምሮ በዚሁ በጉሙ ምክንያት ሳይፈጸም ቀረ። በ1836 ክላረንደን የምትባል መርከብ በዚያው ገደል ሥር ተሰብራ ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ ነው በታች ከባሕሩ አፍ ላይ አዲስ መብራት ቤት የተሠራው፤ በ1840ም በራ። እርሱንም እንኳ ጉሙ ስለ ከለለው በ1875 ቁመቱን አሳጠሩት።

ከዚያ እስከ ብሩክ ድረስ ገደሉ ሸክላ አፈር ነው፤ በየዓመቱም ይናዳል። በአንድ ስፍራ የአጥር እንጨት ከነሽቦው በአየር ላይ ተንጠልጥሎ አየን፤ አጥሩ ያጠረው መሬት ከሥሩ ሄዷል። በ1928 በኒተንና በብላክጋንግ መካከል የነበረው የመኪና መንገድ እንዲሁ ተንዶ ጠፍቷል። እግረኛውስ እንዴት ያደርጋል? በቀድሞው ሕግ መንገዱ ወደ ባሕር ከወደቀ መብቱም አብሮ ይወድቅ ነበረ። በ2009 የእንግሊዝን አገር የባሕር ዳር ሁሉ የሚከተል መንገድ እንዲዘጋጅ ሕግ ወጣ፤ መንገዱም ዛሬ በንጉሥ ቻርልስ 3ኛ ስም ይጠራል፤ ርዝመቱ 4,300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚያ ሕግ ውስጥ ገደሉ በተናደ ጊዜ መንገዱም ከገደሉ ጋር ወደ ኋላ እንዲያፈገፍግ የሚያደርግ አንቀጽ ተጨመረ። መሬት ሲሸሽ ተከትሎት የሚሸሽ መብት በወረቀት ላይ ሰፍሮ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ልጁ ግን ከሕጉ ይልቅ ባሕሩ ዳር ላይ ከመቶ ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆነውን የታላላቅ አራዊት የእግር ፍለጋ፥ ወደ ድንጋይ ተለውጦ ባየው ጊዜ ተደነቀ፤ እኔም በጫማዬ ለካሁት፤ አጠረብኝ።

በማታው መንገዱ ወደ ፍሬሽዎተር ወሽመጥ ወረደ። ከወሽመጡ ጥቂት ከፍ ብሎ ዲምቦላ የሚባል ቤት አለ። በዚህ ቤት ከ1860 ጀምራ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል ወይዘሮ ትኖር ነበረች። የፎቶግራፍ መሣሪያ ልጇ በስጦታ ሰጥታት ሥራውን የጀመረችው በ48 ዓመቷ ነው፤ ስሟ ግን እስከ ዛሬ በሙያው ከታላላቆቹ ጋር ይጠራል። በሐምሌ ወር 1868 ደጃዝማች ዓለማየሁን በፎቶግራፍ ያነሣችው እርሷ ናት። ልጁም ሥዕሉን ከስልኩ አውጥቶ ከቤቱ አጥር አጠገብ አሳየኝ።

ዓለማየሁ አባቱ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በማግስተ ፋሲካ መቅደላ ላይ ሲሞቱ፥ ሰባት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበረ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ከእንግሊዝ ሠራዊት ጋር ወደ ባሕር ሲወርዱ በመንገድ ታመው ዐረፉ፤ በጨለቆት ሥላሴም ተቀበሩ። ከዚያ ወዲያ ልጁን የያዘው ካፒቴን ስፒዲ ነው። ይህ ሰው ቁመቱ እጅግ ረዥም ሲሆን፥ ቀድሞ ዓፄ ቴዎድሮስን ያገለገለና አማርኛ የሚያውቅ ነበረ፤ የአገራችንም ሰው ባሻ ፈለቀ ይለው ነበረ። ሕፃኑ ከእርሱ መለየትን አይወድም ነበረ። አባት፥ እናት፥ አገር በሁለት ወር ያህል ጊዜ ውስጥ የጠፉበት ልጅ በቋንቋው የሚያናግረውን አንድ ሰው አጥብቆ ቢይዝ የሚያስደንቅ አይደለም። ሥዕሉን አንባቢ ምናልባት አይቶት ይሆናል። ልጁ በአንገቱ የአገሩን ጌጥ አድርጓል፤ ዓይኖቹ ግን የልጅ ዓይን አይደሉም።

ከሥዕሉ በታች ስሙ «ደጃች ዓለማየሁ» ተብሎ በላቲን ፊደል ተጽፏል። የእኅቴ ልጅ አነበበውና፥ «ደጃች ምንድን ነው?» አለኝ። የማዕርግ ስም መሆኑን፥ ደጃዝማች ከሚለው ማጠሩን ነገርሁት። ትንሽ ቈይቶ፥ «እዚህ ከማን ጋር ነው አማርኛ የሚያወራው?» አለኝ።

«ከባሻ ፈለቀ ጋር።»

«እሱ ሲሄድስ?»

እኔም በ1872 ከባሻ ፈለቀ ተለይቶ ወደ ቼልተናም ትምህርት ቤት መግባቱን፥ ከዚያ ወደ ራግቢ፥ ከዚያም ወደ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት መሄዱን፥ በኅዳር ወር 1879 በ18 ዓመቱ ሊድስ ላይ ታሞ መሞቱን፥ በዊንድዘር በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት መቀበሩን በተራ ነገርሁት። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2007 ዐፅሙ እንዲመለስ መጠየቁን፥ በ2023ም የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ሌሎች በአጠገቡ ያረፉትን ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም ብሎ መመለሱን፥ በዚያው ዓመት ግን የባሻ ፈለቀ ዘመዶች ጠብቀው ያቆዩት የራሱ ጠጕር ለኢትዮጵያ መሰጠቱን ጨመርሁለት። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ለጠየቀኝ ጥያቄ ግን መልስ አልነበረም። ልጁም አላስጨነቀኝም፤ በዚያ ማታ በአውቶቡስ ስንመለስ ግን እስከ ራይድ ድረስ ሲያወራኝ በአማርኛ ነበረ።

በማግስቱ በቴኒሰን ኮረብታ ላይ ሄድን። ቴኒሰን በዚያ ሠፈር የኖረ የታወቀ የእንግሊዝ ባለቅኔ ነው፤ በ1897 መታሰቢያ የሚሆን ታላቅ የድንጋይ መስቀል በኮረብታው ራስ ላይ ተተክሎለታል። በመስቀሉ ሥር ቆሏችንን በላን። የደሴቲቱ ምዕራባዊ ጫፍ ሦስት ነጫጭ ድንጋዮች ከባሕር ወጥተው የቆሙበት ነው፤ «መርፌዎች» ይባላሉ። በእውነቱ መርፌ የምትመስለው አራተኛዪቱ ነበረች፤ ስሟንም የሎጥ ሚስት ይሏት ነበረ። በ1764 በማዕበል ወደቀች። የጨው ዐምድ ሆና የቀረችው ሴት ከሦስት ሺሕ ኪሎ ሜትር ያላነሰ ርቃ በዚህ ባሕር ስሟ ሲጠራ ማግኘቴ አስገረመኝ። የሽቦ አልባውን የመልእክት መሣሪያ ማርኮኒ የሞከረውም በዚሁ አጠገብ በ1897 ነው።

አምስተኛው ምዕራፍ ከያርመዝ እስከ ካውስ ነው፤ ረዥምና አድካሚ ሲሆን ቀኑም ዝናብ ነበረ። ባሕሩ እንደ ጣት ወደ የብስ እየገባ ስለሚመለስ መንገዱ ይጠማዘዛል፤ ጭቃውም ይይዛል። በዚህ ሠፈር ያለችው ኒውታውን ዛሬ ጥቂት ቤቶች ብቻ ናት፤ እስከ 1832 ድረስ ግን ሁለት እንደራሴ ወደ ፓርላማ ትልክ ነበረ። ይህን ሳስብ አዳለጠኝና ሙሉ በሙሉ ወደቅሁ። ልጁ ሮጦ መጥቶ፥ «አጎቴ፥ ተጎዱ?» አለኝ። በማታው ከአባቴ ጋር በስልክ ስነጋገር «እርስዎ» ስል ሰምቶ ለምን እንዲህ እንደምል ጠይቆኝ ነበረ። ጭቃውን ረስቼ ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲያ ግን ቃሉን ያላግባብ አበዛው፤ በር ላይ ተኝታ መንገድ የዘጋችንን ላም እንኳ «እባክዎ ይነሡ» አላት።

በመጨረሻው ቀን ሜዲና የሚባለውን ወንዝ በሰንሰለት በሚጎተት ጀልባ ተሻግረን ወደ ኦዝቦርን ደረስን። ንግሥት ቪክቶሪያ ይህን ቤት ያሠሩት ከ1845 እስከ 1851 ነው፤ ያረፉትም በዚሁ ቤት በጥር ወር 1901 ነው። ዓለማየሁን መጀመሪያ የተቀበሉት እዚህ ነው፤ በዕለት መጽሐፋቸውም ስለ ልጁ በርኅራኄ ጽፈዋል፤ በሞተም ጊዜ ማዘናቸውን ጽፈዋል። በአጥር ግቢው ውስጥ ለንግሥቲቱ ልጆች የተሠራ ትንሽ ቤት አለ፤ መሳፍንቱና ልዕልቶቹ በዚያ አትክልት መትከልንና ምግብ ማብሰልን ይማሩ ነበረ። ወላጆች ሊያዩት የሚገባ ነው። በዚህ ስፍራ ግን የባሕሩ ዳር የቤተ መንግሥቱ ይዞታ ስለ ነበረ መንገዳችን ርቆ በመኪና መንገድ ዳር ሆነ፤ ልጁ በካርታው ላይ እያየ፥ «ባሕሩ የት ሄደ?» ይል ጀመር።

ከራይድ ሳንደርስ ኳር የሚባለውን ገዳም አለፍን። በቀይ ጡብ በ1911 እና በ1912 የተሠራ ቤተ ክርስቲያን አለው፤ መነኮሳቱም የቅዱስ ቤነዲክቶስ ሥርዓት ተከታዮች ናቸው። የሠርክ ጸሎት ሲያዜሙ ደረስን። ቋንቋው የእኛ አይደለም፤ በግራና በቀኝ ተከፍሎ እየተቀባበሉ ማዜሙ ግን የእኛኑ ቅኔ ማሕሌት አሳሰበኝ። ልጁ ከጎኔ ተቀምጦ ጫማውን ሲያይ ቈየ፤ ሦስተኛውን ጫማ በዚያ ሳምንት መግዛት ሊያስፈልገው ነበረ።

ራይድ ስንገባ ባሕሩ ጎድሎ አሸዋው ወጥቷል። ልጁ ወደ እናቱ ደወለ፤ «እማዬ፥ ጨረስን» አለና ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ የየምዕራፉን ነገር ይተርክላት ጀመር። ስለ ወይኑ ሌባ፥ ስለ አራዊቱ እግር፥ ስለ ላሚቱ ነገራት። ስለ ዓለማየሁ በጀመረ ጊዜ እርሷ ስልኩን ለእኔ እንዲሰጠኝ ጠየቀችው። እኔ ግን ሰዓቱን አይቼ መርከቡ ሊነሣ ጥቂት ደቂቃ እንደ ቀረው ስለ ተገነዘብሁ፥ ሻንጣዬን አንሥቼ በዚያ 681 ሜትር ድልድይ ላይ ሩጫ ጀመርሁ። ልጁም ከኋላዬ «አጎቴ፥ ይቆዩኝ!» እያለ ተከተለኝ።